የካፒቴኑ ማስያ እና አባቴ ያልማሉት መሐላ

እኔ ተጠራጣሪ ሴት ነኝ። ልኩራራበት ብዬ አይደለም፤ ባሌንም ሳያገባኝ በፊት ነግሬዋለሁ፣ ኋላ አልሰማሁም እንዳይል። ማር ከገዛሁ ሻጩ ፊት እቀምሳለሁ፣ ቤቴ ገብቼ እቀምሳለሁ፣ በማግስቱም ደግሜ እቀምሳለሁ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይኖራል ስንጥር» የሚባለውን ሌላው ሰው ለሳቅ ይለዋል፤ እኔ ግን ገንፎ ስበላ እውነትም ስንጥር እፈልጋለሁ። ሥራዬም ለጠባዬ የተሰፋ ነው፣ የቅርስ መዝጋቢ ነኝ። በላስታ ቅርስ መመዝገብ ማለት ካህናቱን እየጠረጠሩ፣ በካህናቱም እየተጠረጠሩ ከአንዱ ዕቃ ቤት ወደ ሌላው መዞር ነው። እነሱ «ይህቺ ሴትዮ የምትጽፈው ለማን ነው?» ይላሉ። እኔ «አምና እዚህ የነበረው ጽና የት ገባ?» እላለሁ። እንዲህ ሆነን ተከባብረን እንኖራለን።

ጠባዩን ከአባቷ ወረሰችው ብሎ ሰው እንዳይሳሳት። አባቴ ሰው ሲጠረጥሩ አይቻቸው አላውቅም። የተጠረጠሩት እሳቸው ናቸው፤ እኔ የተጠረጠረ ሰው ልጅ ሆኜ ነው ያደግሁት።

አባቴ የድሮው የአውሮፕላን ሜዳ ዘበኛ ነበሩ። የዛሬውን ኤርፖርት የሚያውቅ ሰው ያንን ሜዳ ሊያስበው አይችልም፤ ሣር ነበር፣ ክረምት ሲገባ ጭቃ ይሆናል፣ አውሮፕላን የምትመጣውም በበጋ ብቻ ነው። አባቴ ሜዳው ዳር ባለችው የቆርቆሮ ጎጆ ተቀምጠው ከብት ያባርራሉ፣ ድንጋይ ይለቅማሉ። የሞተር ድምፅ ከተራራው ወዲያ ሲሰማ ደግሞ እርጥብ ገለባና ኩበት ይለኩሳሉ። አብራሪው የጭሱን ማጋደል አይቶ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ያውቅና በዚያው ልክ ያርፋል። አባቴ በዚህች ጭስ ይኮሩ ነበር። «እኔ ካላጨስሁ አይወርዱም» ይላሉ። እናቴ «አዎን፣ አንተ ካላጨስህ ሰማይ ላይ ይከርማሉ» ብላ ትስቅባቸዋለች።

ከሚመጡት አብራሪዎች አንዱን ካፒቴኑ እንላቸው ነበር። ወገባቸው ላይ በቆዳ ማኅደር አንዲት ማስያ ያንጠለጥላሉ። ያኔ ላሊበላ ውስጥ ማስያ ማለት ጣት ነው፤ በዛ ቢባል የመሪጌታዎቹ ባሕረ ሐሳብ ነው፣ እሱም በቃል። ይህቺኛዋ ግን ቁልፍ አላት፣ መስኮት አላት፣ መስኮቷ ላይ ቁጥር ብቅ ይላል። ካፒቴኑ የነፋሱን ነገር ያስገቡባትና የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወዴት ማዞር እንዳለባቸው ትነግራቸዋለች ይባል ነበር። ግማሹ ሰው አላመነም፤ ግማሹ አመነና ፈራ። አንድ የሰፈራችን ደብተራ «ቁጥር ብቻውን አይናገርም፣ የሚያናግረው አለ» ብለው ሲያማትቡ አይቻለሁ።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በዐቢይ ጾም፣ የበልግ ደመና ላስታን ሸፍኖ በዋለበት አንድ ቀን አውሮፕላኗ ከሰዓቷ በጣም ዘግይታ ወረደች። ካፒቴኑ ከመሰላሉ ወርደው መሬት ሳሙ። ጎማዋ ተጎድቶ ስለነበር ሁለት ቀን ቆመች። ካፒቴኑ በማግስቱ ቦርሳቸውን ጎጆዋ ውስጥ ለአባቴ አደራ ሰጥተው፣ በቅሎ ይዘው ይምርሐነ ክርስቶስን ሊሳለሙ ሄዱ። ሲመለሱ የጣቢያው ኃላፊ የወገባቸው ማኅደር ባዶ መሆኑን አስተዋለ።

«ማስያዎስ?» አላቸው።

«ጠፋችብኝ» አሉ።

ይህንኑ ብቻ ብለው ተነሥተው በረሩ። ወደ ሌላ መስመር ተዛወሩ መሰል ከዚያ ወዲያ አላየናቸውም። ቦርሳቸው የነበረው ደግሞ አባቴ ዘንድ ነው፤ ማስያዋ ቦርሳው ውስጥ ነበረች ላለው ለጣቢያው ኃላፊ ከዚህ የበለጠ ምርመራ አላስፈለገውም። ለእሱ ነገሩ የጣቢያው ክብር ነበር። የእንግዳ ዕቃ በእኔ ሜዳ አይጠፋም ብሎ ከተማውን አተራመሰው።

በእኛ አገር ዕቃ ጠፍቶ ሰው ሲጠረጠር ማማል የቆየ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ፣ ሽማግሌ ባለበት፣ የተጠረጠረው ሰው ወንጌል ጨብጦ «እኔም ሆንሁ ቤቴ አልነካንም፤ ነክተን እንደሆነ ዘራችን አይብቀል» ይላል። ከማለ በኋላ ማንም አይናገረውም፣ ጉዳዩ ለእግዜር ተላልፏል። በሐሰት የማለ ሰው ልጁ ይቀሰፋል፣ ባይቀሰፍም መካን ይሆናል ይባላል። ይህን የማይፈራ ሰው ላስታ ውስጥ አላየሁም፣ ተምሬያለሁ የምለውን እኔን ጨምሮ። አባቴ ወንጌሉን ተቀበሉ፣ ጨበጡት። ትንሽ ቆዩና መልሰው ለቄሱ ሰጡ።

«አልምልም» አሉ።

«ወስደሃታል ማለት ነው?» አላቸው የጣቢያው ኃላፊ።

«አልወሰድኋትም።»

«እንግዲያ ማል።»

«አልምልም አልሁ።»

እናቴ ከሴቶቹ መሃል ሆና ነጠላዋን አፏ ላይ ስትይዝ አየሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ረጅም ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። ባልወሰደው ነገር የማይምል ሰው በእኛ ዘንድ የለም፤ ስለዚህ አባቴ እዚያች ደጃፍ ላይ በገዛ አፋቸው በራሳቸው ላይ ፈረዱ ተባለ። የዘበኝነቱ ሥራ በዚያው ቀረና ወደ እርሻቸው ተመለሱ። ጭሱንም ሌላ ሰው አጨሰው።

ሰዉ አላገለለንም፣ ይህን መዋሸት አልፈልግም። ለማኅበር ይጠሩናል፣ ለቅሶ ይመጣሉ። ግን አባቴ ከአንድ ቤት ከወጡ በኋላ ባለቤቲቱ ማንኪያ ስትቆጥር በዐይኔ አይቻለሁ። «የሌባ ልጅ» ያለችኝን የክፍሌን ልጅ ፀጉር ነጭቼ አስተማሪ ገርፎኛል፤ ዛሬም ብታገኘኝ የምትፈራኝ ይመስለኛል፣ ደግ አደረግሁ። በአፌ እንዲህ እየተሟገትሁላቸው ሆዴ ግን ሌላ ይል ነበር። ያልወሰደ ሰው ለምን አይምልም? ይህን እያሰብሁ አደግሁ፣ ይህን እያሰብሁ አገባሁ፣ ሦስት ልጅ ወለድሁ። እናቴ ይህን ነገር በሆዷ ይዛ ሞተች። አባቴን ግን አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም፣ መልሱን ፈራሁት።

አምና በዐቢይ ጾም ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ሥራ ሄድሁ። የድሮዎቹ ቅርሶች ከዚህ ቀደም ተመዝግበዋል፤ የእኔ ድርሻ የስለት ዕቃውን ማየት ነበር። ስለት ምን የማይመጣበት አለ? ጥላ፣ መጋረጃ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ አንድ ሰው ያመጣው የማይሠራ ሬዲዮ፣ ከመኪና አደጋ የተረፈ ሾፌር የሰጠው መሪ ሳይቀር አለ። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት ሽማግሌ ቄስ በር ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ እጄን እጄን ያያሉ። እኔም አልፎ አልፎ እሳቸውን አያለሁ።

ከአንድ ሣጥን ግርጌ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣሁ። ፈታሁት። ከመዳፌ ትንሽ ረዘም የምትል፣ ጥቁር፣ ቁልፎቿ ላይ በላቲን ፊደል አጫጭር ቃል የተጻፈባት ማስያ ናት። ወዲያው አወቅኋት። ያቺን ማስያ በሕልሜ እንኳ ቢያሳዩኝ አልስታትም። ከእሷ ጋር ብጫቂ ወረቀት ነበር፣ «ስለት» ይላል፣ ከሥሩ የክርስትና ስም ብቻ ተጽፏል። ስለት የሚያገባ ሰው በእኛ ዘንድ በዓለም ስሙ አይጻፍም፤ እግዜር የሚያውቀው በተጠመቀበት ስም ነው።

የተጻፈው የአባቴ የክርስትና ስም ነበር።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። በእኛ አገር ከአሥር ወንድ ሁለት ሦስቱ በዚያ ስም የተጠመቀ እንደሆነ ማንም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ይህ ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ አባቴ በየዓመቱ በእግራቸው ይምርሐነ ክርስቶስ መምጣታቸው ነው። በቃ፣ አልሁ። ወስደዋታል፣ ኋላ ጸጸት ይዟቸው እዚህ አምጥተው ጥለዋታል፣ ያልማሉትም ለዚህ ነው። ሁሉ ነገር ገጠመልኝ። እንዲህ ሲገጥምልኝ እንደ ማዘን ደስ አለኝ ብል ማን ያምነኛል? ዕድሜዬን ሙሉ ስፈልገው የነበረ ስንጥር ተገኘ፣ ያውም በገዛ አባቴ ገንፎ ውስጥ። ኋላ ነው ያለቀስሁት።

ከዚያ በሥራዬ ዘመን አድርጌው የማላውቀውን አደረግሁ። ጠቅልዬ ወደ ሣጥኑ መለስኋትና መዝገቡ ላይ ሳልጽፋት አለፍሁ። ሬዲዮውን ጻፍሁ፣ መሪውን ጻፍሁ፣ እሷን ዘለልሁ። ዕቃዬን ሸክፌ ልወጣ ስል ቄሱ መቁጠሪያቸውን አቆሙ።

«ልጄ፣ አንዲቱን አልጻፍሻትም» አሉ።

«የትኛዋን አባ?»

«ታውቂያታለሽ። በነጭ ጨርቅ ያለችውን።» ድምፃቸው አልጨመረም፣ ግን በሩ ላይ ተነሥተው ቆሙ። «መዝገብ ላይ ያልተጻፈ ዕቃ ቢጠፋ የሚጠይቅ የለም። ይህን አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂያለሽ። ቦርሳሽን ክፈቺልኝ።»

ሃያ ምናምን ዓመት የሰው ቦርሳ ስጠረጥር ኖሬ የእኔ ተፈተሸ። ማስታወሻ ደብተሬን፣ የጾም ዳቦዬን፣ የውኃ ኮዳዬን አንድ በአንድ አወጡ። አሳፈረኝ፣ አናደደኝም፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ደከመኝ። መሬት ላይ ተቀመጥሁና ሁሉንም ነገርኋቸው። ሜዳውን፣ ጎጆዋን፣ መሐላውን፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም።

ቄሱ ሰሙኝና «አባትሽ ዘበኛው ናቸው?» አሉ።

«አዎን አባ።»

«በየዓመቱ በእግራቸው የሚመጡት? ጥግ ይዘው ቆመው የሚያስቀድሱት?»

«አዎን።»

«እሳቸው ለዚህ ቤት ከጧፍ ሌላ ያመጡት የለም። ያቺን ዕቃ የተቀበልሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ። ያን ጊዜ ዲያቆን ነበርሁ። የሰጪውን ማንነት እንዳልናገር ቃል አስገብቶኛልና አልነግርሽም። በበቅሎ ነው የመጣው። ሸሚዙ ትከሻ ላይ ወርቅማ መስመር ነበረው። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ፣ ይኸውም በዝቷል።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ወደ ላሊበላ እየተመለስሁ መኪናው ውስጥ ቄሱንም ጠረጠርሁ። አዝነውልኝ ይሆን? ሽማግሌ ናቸው፣ ተሳስተው ይሆን? እንዲህ ነኝ እኔ። ለአባቴም ሳልነግራቸው ቀረሁ።

ካፒቴኑን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ጡረታ የወጣ አንድ የኤርፖርት ሠራተኛ ሌላ ጡረተኛ ያውቃል፣ ያ ደግሞ ሌላ ያውቃል፤ በመጨረሻ አዲስ አበባ የሚኖሩ ሽማግሌ ስልክ አነሡ። የላሊበላው ዘበኛ ልጅ ነኝ አልኋቸው። «ጭስ የሚያጨሱት!» አሉ ደስ ብሏቸው። «ደኅና ናቸው?» በዚያች ማስያ ምክንያት ከሥራ እንደ ወጡ፣ እስከ ዛሬም ሌባ እንደሚባሉ ነገርኋቸው። «አላወቅሁም» አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ። «እመጣለሁ።»

አላመንኋቸውም። እመጣለሁ ያለ ሁሉ ቢመጣ ላሊበላ መቆሚያ አይኖራትም። በሳምንቱ ግን ምርኩዝ ይዘው ከአውሮፕላን ወረዱ። እኔም ቢሆን ዝም ብዬ አልተቀበልኋቸውም፤ ዕቃዋን ፈልገው ቢሆንስ? መጀመሪያ ይምርሐነ ክርስቶስ ወሰድኋቸውና ቄሱ ማስያዋን አውጥተው ደጁ ላይ ካለው ጽድ ሥር አስቀመጡልን።

«የእርስዎ ለመሆኗ ምን ማስረጃ አለ?» አልኋቸው። ቄሱ እንኳ አፈሩልኝ።

ካፒቴኑ አልተቆጡም። «የባትሪውን ክዳን ክፈቺው። ውስጡ በመርፌ የጫርሁት መስቀል አለ» አሉ። ከፈትሁት። ባትሪዎቹ ፈስሰው አረንጓዴ ሆነዋል። በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ ሳደርገው መስቀሉ ወጣ።

ከዚያ ተቀመጡና የማስያዋን ነገር ነገሩኝ። የምትፈርድብኝ ሴት ነገሩን ትወቀው ያሉ ይመስለኛል።

«መጀመሪያ ክቡ ማስያ ነበር» አሉ። «እንደ ሰሐን ነው፣ አንዱ ሰሌዳ በሌላው ላይ ይዞራል። ነፋሱ ከየት ስንት ያህል እንደሚነፍስ በእርሳስ ነጥብ ታደርጊና ታዞሪዋለሽ፣ አፍንጫሽን ምን ያህል እንደምታጣምሚ ታነቢያለሽ። ባትሪ አይፈልግ፣ ቢወድቅ አይሰበር። ግን አንድ እጅሽ መሪው ላይ ነው፣ ዐይንሽ ውጭ ነው፣ በዚያ መሃል እርሳስ ይዘሽ ነጥብ ፍለጋ ነው። ኋላ ቁጥራቸው በቀይ መብራት የሚታይ የኪስ ማስያዎች መጡ። ባትሪ ይጨርሳሉ፣ ፀሐይ ካረፈባቸው አይነበቡም። ከእነሱ አንዳንዶቹን ቀመሩን ራስሽ ታስተምሪያቸዋለሽ፣ የተማሩትንም በቀጭን ማግኔት ካርድ ላይ ታስቀምጪዋለሽ። ከዚያ እንደዚህች ያለችው መጣች። የነፋሱ፣ የፍጥነቱ፣ የነዳጁ፣ የሰዓቱ ቀመር ከፋብሪካ ጀምሮ ውስጧ ነው። ቁልፍ ትነኪያለሽ፣ እሷ ትጠይቅሻለች፣ አንቺ ትመልሺላታለሽ፣ አለቀ። ዛሬ ሳተላይቱ ሁሉን ስለሚነግር የእሷን ዘር የሚይዘው ይበልጡን ለፈተና የሚቀመጥ ተማሪ ነው። ያኔ ግን ከባልደረቦቼ መሃል እሷን የያዝሁ እኔ ብቻ ነበርሁ። ክቡን በሚያዞሩት ሽማግሌዎች እስቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሰጧት?»

«ያን ቀን ክቡን ቤቴ ጥዬ ነው የወጣሁት፣ ምን ያደርግልኛል ብዬ። ደመና ውስጥ ገባሁ፣ ነፋሱም ተለወጠ። እሷን ልጠይቅ ስል ቁጥሯ እየደበዘዘ እየደበዘዘ ሄዶ ጠፋ። ባትሪ። ከፊቴ ተራራ እንዳለ አውቃለሁ፣ የት እንዳለ ግን አላውቅም። ከኋላዬ ሰዎች ተቀምጠዋል። ያኔ ለይምርሐነ ክርስቶስ ተሳልሁ፣ ካወጣኸኝ የተማመንሁባትን ለአንተ እሰጣለሁ ብዬ። ደመናው በአንድ በኩል ተከፈተና ከታች ጭስ አየሁ፣ የአባትሽን ጭስ። ያዳኑኝ እሳቸው ናቸው።»

«ጠፋችብኝ ያሉትስ?»

አንገታቸውን ደፉ። «ስለት በአዋጅ አይሰጥም። ቀኝህ የሰጠውን ግራህ አይወቀው ብለው ነው ያሳደጉኝ። ሰውየው ድንገት ሲጠይቀኝ አፌ ላይ የመጣውን አልሁ። የራሴ ዕቃ ናት፣ ማን ይፈልጋታል ብዬ። አንዲት ቃል እኮ ናት።»

አንዲት ቃል። ልጮህባቸው ፈልጌ ነበር። ሽማግሌ ናቸው፣ አገር አቋርጠው መጥተዋል፣ እንባቸው ምርኩዛቸው ላይ ይንጠባጠባል፤ ዋጥ አደረግሁት። ቄሱን ግን ካፒቴኑ ገና ሲገቡ አይቻቸው ነበር። ካፒቴኑን ባዩ ጊዜ ከመቀመጫቸው ብድግ ያሉት የሚያውቁትን ሰው እንደሚቀበሉ ሆነው ነው። የክርስትና ስማቸውንም ብጠይቃቸው ወረቀቱ ላይ ያለው ነው፤ ያኔ ነው ጥርጣሬዬ ያለቀው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካፒቴኑ አባቴ ወንጌሉን በመለሱባት ደጃፍ ላይ ቆሙ። ለአባቴ አስቀድሜ አልነገርኋቸውም ነበር፤ ሰውየው በመጨረሻ ሰዓት ሐሳባቸውን ቢለውጡ አባቴ ሁለተኛ እንዳይሰበሩ ብዬ ነው። ካፒቴኑ ሁሉንም ተናገሩ፣ ምንም አላስቀሩም። ከዚያ አባቴ እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ አባቴ ትከሻቸውን ይዘው አቆሟቸው።

«እኔ እኮ በደኅና ማረፍዎን ነበር የምፈልገው» አሏቸው። «አርፈዋል።»

ሰዉ ተራ ገብቶ የአባቴን ጉልበት ሳመ። አንድ ሽማግሌ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ሲል ሰማሁት። ለእሱማ ቀላል ነው፤ እያደረ ሲጠራ እኛ ነን የከረምንበት። ማንኪያ የቆጠረችው ሴትዮም መጥታ ሳመቻቸው፤ ለእሷም «እግዜር ይስጥሽ» አሏት።

ቤት ገብተን ልጆቼና ባሌ ከእንግዳው ጋር ሲጫወቱ፣ እኔና አባቴ ከደጅ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥን። ቀኑ ገና ነው፣ ፀሐዩ ደስ ይላል። ያን ሁሉ ዓመት የፈራሁትን ጥያቄ ያን ጊዜ መጠየቅ ቀላል መሰለኝ።

«አባዬ፣ ያኔ ለምን አልማሉም? ቢምሉ ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስብዎትም ነበር።»

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«መሐላው እኮ እኔም ሆንሁ ቤቴ ነው የሚለው» አሉ።

«እና?»

«ስለ እኔ አውቅ ነበር። ስለ ቤቴ ነው ያላወቅሁት።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቤቱ ውስጥ እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። እናቴ ሜዳው ላይ ረግጣ አታውቅም።

«ያን ሰሞን ስለዚያች ማስያ እንጂ ስለ ሌላ አታወሪም ነበር» አሉኝ። «አንድ ጊዜ ቁልፏን ቢያስነኩሽ ሳምንት እንቅልፍ አልነበረሽም። ካፒቴኑ በበቅሎ በሄዱበት ቀን ምሳ ይዘሽልኝ መጣሽ። ከብት ገብቶብኝ ጎጆዋ ውስጥ ከቦርሳው ጋር ትቼሽ ወጣሁ። ስመለስ ሄደሻል። ልጅ ነሽ፤ ልጅ ያማረውን ያነሣል፣ ኋላ ይፈራና ይጥለዋል ብዬ አሰብሁ። ብምል መሐላው በአንቺ ላይ ነው የሚወድቀው። ሦስት ልጅ ስትወልጂ ሦስቴም እንኳን አልማልሁ አልሁ።»

«እኔ ነኝ ብለው ያመኑት እስከ መቼ ነው?» አልኋቸው።

«እስከ ዛሬ ጠዋት።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ሽማግሌው አባቴ፣ «ይቅር በይኝ ልጄ፣ በማታውቂው ጠረጠርሁሽ» አሉኝ። እኔም ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። «እኔም» ብዬ ጀመርሁ፣ አላስጨረሰኝም እንባው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ትጠረጥሪኝ እንደነበር አውቃለሁ። ላጠራልሽ ብል ደግሞ አንቺን «ወስደሽ ነበር ወይ?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።»